የቆርቆሮ ዶሮዬ አያ ጎሹን የገደለ ዕለት

ዕድሬ አባረረኝ። የተባረርኩት ሰው ገድለሃል ተብዬ ነው። ገደልካቸው የተባሉት አዛውንት ግን እኔ ይህን ስጽፍ ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ምራታቸውን ይቆጣሉ። ዳኛው ፈረደብኝ፣ ጸሐፊው ጻፈብኝ፣ ጡሩምባ ነፊው በሐሰት መሰከረብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰፈሩን ቃሬዛ የተሸከመውን ትከሻዬን ያስታወሰ አንድ ሰው አልተገኘም።

ስሜ አደራው ነው። ደብረ ታቦር ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ጋፋት በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። እናቴ መነኩሲት ናት፤ ሰው እማሆይ ይላታል፣ እኔ እምዬ እላታለሁ። ሚስት ነበረችኝ። አንድ ቀን “ወይ እኔን ወይ ቆርቆሮህን ምረጥ” አለችኝ። መልሱን ሳስብበት ጊዜ ስለፈጀሁ ሄደች። ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ቆርቆሮው አለ።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ በመንገድ ሥራ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ፤ ፊርማዬም አውራ ጣቴ ነበር። በጎልማሶች ትምህርት ልጄ ልትሆን የምትችል አስተማሪ “ጎበዝ አደራው” ስትለኝ በልቤ እየሰደብኳት ተማርኩ። በራሴ ዓይን መጀመሪያ ያነበብኩት የዘይት ጣሳ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። መሃይም ነው ብለው ፊቴ የሚያወሩትን ማጣት አልፈለግሁም።

ሌላው ጠባዬ የተጣለ ነገር ማንሣት ነው። የጓሮዬ ዶሮ ቤት በር የአሮጌ ጂፕ በር ነው፤ ዶሮዎቹ ሲሞቃቸው መስታወቱን ዝቅ አደርግላቸዋለሁ። ከሽንት ቤቴ ውስጥ የአውቶቡስ ወንበር አለ፤ ፊት ለፊቱ “ከሾፌሩ ጋር መነጋገር ክልክል ነው” የሚለውን ማስታወቂያ ሰቅየዋለሁ። የገባ ሰው ሁሉ እየሳቀ ይወጣል። አጥሬ ግማሹ ጠርሙስ፣ ግማሹ የብስክሌት ቸርኬ ነው። አያ ጎሹ ጓሮዬን “የቆሻሻ ገዳም” ብለው ስም አወጡለት። ሰፈሩ ተቀበላቸው። እኔ መነኩሴው ሆንኩ ማለት ነው። ይህንን ስም አልረሳሁላቸውም፤ አያ ጎሹን የሚመለከት ነገር ስለሚመጣ ይህን ከአሁኑ ልናገር ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሸለምጥማጥ የእናቴን አውራ ዶሮ በበላው ጊዜ ነው። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ለጸሎት የምትነሣው በዶሮው ነበር።

“አሁን በምን ልነሣ?” አለችኝ።

“እኔ እቀሰቅስሻለሁ።”

“አንተን ማን ይቀሰቅስሃል?”

“ሌላ አውራ ዶሮ ልግዛልሽ?”

“ሸለምጥማጡ ቤታችንን ለምዷል። ለእሱ እራት ልትገዛለት ነው?”

“እንግዲያው ሸለምጥማጥ የማይበላው ዶሮ እሠራልሻለሁ” አልኳት።

እናቴ ሳቀች። የሳቀች እናት ፊት የተናገሩት ነገር መሐላ ነው፤ ሠራሁት።

ሆዱን ከበርሜል ቆርቆሮ፣ ከራሱ ላይ የሚቆመውን ኩክኔ ከቀይ መኪና በር፣ ጅራቱን ከሰባት የተሰበረ ማጭድ አበጀሁት። እግሮቹ የቤት ሠሪ ፌሮ ናቸው። ቁመቱ ከእኔ በጥቂት ያንሳል። በረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ አቆምኩት። ከጀርባው የብስክሌት ጎማ ላይ የጣሳ ቆርቆሮ እንደ ክንፍ ሰካሁ፤ ነፋስ ሲመጣ ይዞራል። ጎማው ሲዞር አንጥረኛ እሳት የሚያናፋበትን ዓይነት ወናፍ ይጫናል፤ ወናፉን ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነው የሰፋሁት። ከወናፉ የሚወጣው አየር በዶሮው ጉሮሮ ያልፋል። ያስቸገረኝ ጉሮሮው ነው። በፕላስቲክ ቱቦ ስሞክረው እንደ ፍየል ጮኸ። በመኪና ጭስ ማውጫ ስሞክረው እንደሚያስላት ላም ሆነ።

አንድ ቀን ቁራሌው እየጮኸ መጣ፤ ከጆንያው አፍ የጡሩምባ አፍ ወጥቶ አየሁ። ሳየው አወቅሁት። የዕድራችን አሮጌ ጡሩምባ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሞት የተናገረ፣ ጎኑ የተጨፈለቀ፣ ድምፁ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቅ። ዕድሩ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ጥሎታል። በሁለት የተቀደደ ጄሪካን ለወጥኩት። ከአፉ ሁለት የላስቲክ ቅጠል አስሬ ከዶሮው አንገት ውስጥ ከተትኩት።

ምንም አልጮኸም። አንድ ሳምንት ሙሉ ነፋስ ይነፍሳል፣ ጎማው ይዞራል፣ ዶሮው ዝም። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር።

“ጾም ይዞ ነው” አለች እናቴ። “ለፋሲካ ይጮሃል።”

ለፋሲካ አልቆየም። በመጋቢት ወር፣ በአንዱ ዓርብ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ቤቱን ነቀነቀው። እኔ ሱሪዬን እየታጠቅሁ ነበር። ዶሮው ጮኸ።

እንደ ዶሮ አልጮኸም። ረጅም፣ ወፍራም፣ ሲጨርስ የሚሰነጠቅ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ።

በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። “ጮኸልሽ እምዬ! ጮኸልሽ!” እያልኩ እዘላለሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አማተበች።

“ማን ነው የሞተው?” አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሠርቼ የሰቀልኩት ዶሮ አልነበረም፤ መርዶ ነው። ይህንን አስቤ ሳልጨርስ ከታች ሌላ ጡሩምባ መለሰ። ጥርት ያለው አዲሱ ጡሩምባ። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ገረመው ነበር።

“የሰማህ ላልሰማ አሰማ!” እያለ በሰፈሩ ያልፋል። ማን እንደሞተ ግን አይናገርም።

መናገርም አላስፈለገውም። አያ ጎሹ ከጥምቀት ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ቄስ ሁለት ጊዜ ተጠርቶላቸዋል። ሰፈሩ ጡሩምባውን ሲሰማ የጠየቀ የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው “አያ ጎሹ! የሰፈሩ ዋርካ!” እያሉ ወረዱ። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወጡ።

አንባቢዬ ሆይ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርህ፤ በዳኛው ፊት ያልተናገርኩትን። ከአጥሬ ላይ ሆኜ “የእኔ ዶሮ ነው!” ብዬ ብጮህ ሁሉም ይመለስ ነበር። ሦስት ቃል ነው። አልጮኽኩም። ከሦስቱ ቃላት ይልቅ “የቆሻሻ ገዳም” የሚለው ጆሮዬ ላይ መጣ። እስቲ ለዚህ ሰው ምን ብለው እንደሚያለቅሱ ልስማ አልኩ። ጋቢዬን ደርቤ፣ ፊቴን አጨማድጄ፣ ከለቅስተኞቹ ጋር ወረድኩ።

የአያ ጎሹ ግቢ ሞልቷል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ውበቱ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ በከዘራ ያሳያል። ጸሐፊው አቶ ምናለ ደብተሩን ከፍቶ የቀባሪ ስም ይጠራል። የቤቱ ሰዎችም ያለቅሳሉ! አያ ጎሹ የሚተኙት ከዋናው ቤት ተለይታ ካለች አንዲት ክፍል ነው። ልጆቹ ጡሩምባውንና ለቅሶውን ሲሰሙ አንዱ ሌላው ያየ መስሎት ሁሉም እኩል ጮኹ። ምራቲቱ መሬት ላይ ወድቃለች። ትልቁ ልጅ ደረቱን እየደቃ “አባቴ ሳልሰናበትህ!” ይላል። ትንሹ ልጅ ከበረቱ በኩል ቆሞ “ቀዩ በሬ የእኔ ነው፣ በቁሙ ተናግሯል” ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

ወደ ክፍሏ ግን ማንም አልገባም። ሁሉም ሰው የገባ ሰው ያለ መስሎታል።

የጎረቤቴ ሚስት አጠገቤ ሆና “ደግ ነበሩ” አለች፣ እያለቀሰች።

“ለማን?” አልኳት።

“ኧረ አሁንስ ምላስህን ሰብስብ አያ አደራው! ሬሳ ፊት!”

ያን ጊዜ የክፍሏ በር ሲጢጥ አለ። አያ ጎሹ በከዘራቸው ተደግፈው ወጡ። ቆባቸው ወደ አንድ ጆሮ ዞሯል። ሕዝቡን አዩ። ድንኳኑን አዩ። ዶማና አካፋውን አዩ። ለቅሶው ጉሮሮ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

“ማን ነው የሞተው?” አሉ።

አቶ ውበቱ ከዘራውን ከጀርባው ደበቀ። አያ ጎሹ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“ምን ትደቃለህ? ተነሥና ጋቢዬን አምጣልኝ። እኔም ልቅሶ ልድረስ እንጂ! ዕድርተኛ አይደለሁም?”

ሳቅሁ። ልይዘው ሞከርኩ፤ ጋቢዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ፤ ግን በአፍንጫዬ ወጣ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚስቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሳለ፣ ነፋሱ እንደገና ወረደ። ከላይ፣ ከእኔ ጓሮ፣ ከቀይ ኩክኔው በታች፣ ዶሮዬ ያንን የተሰነጠቀ ድምፁን ለቀቀው።

“የአሮጌው ጡሩምባ ድምፅ ነው!” አለ አንዱ።

“የገዳሙ ነው!” አለ ሌላው።

ሸሸሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ በሚያመኝ ጉልበቴ ሮጬ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ ተጠራሁ። ዳኛውና ጸሐፊው በዕድሩ ቤት ጠረጴዛ ኋላ፣ ገረመው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሌላውም ዕድርተኛ ዙሪያውን ተቀምጧል። እኔ ተግሣጽ ይሆናል፣ ቢበዛ የድንኳን ተከላ ቅጣት ይሆናል ብዬ ነበር። አቶ ምናለ ደብተሩን ከፈተና ውሳኔውን ብቻ አነበበ፤ “አቶ አደራው ከዕድሩ አባልነት ተሰርዟል።” ከዚያ ደብተሩንና የጣት ቀለሙን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

“እዚህች ላይ አውራ ጣትህን” አለኝ።

ደብተሩን ወሰድኩና ከላይ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። ጮክ ብዬ። እያንዳንዱን ፊደል እንደ ድንጋይ እያነሣሁ ነው የማነብ። ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀ።

“ተ-ከ-ሳሽ … ዓርብ ጠዋት … የጡሩምባ ነፊውን አጥር ደብድቦ … ‘አያ ጎሹ ሞተዋል፣ ንፋ’ ብሎ … ሆን ብሎ …”

ቀና አልኩ።

“ገረመው፣ እኔ ነኝ አጥርህን የደበደብኩ?”

ገረመው ጫማውን ያያል።

“አንተን ነው! አፍህ ጡሩምባ ብቻ ነው እንዴ የሚነፋ?”

“እንዲያ … እንዲያ መሰለኝ” አለ ዓይኑን ከጫማው ላይ ሳያነሣ።

“አትፈርምም?” አለኝ ዳኛው።

“እስክሪብቶ ስጡኝ።” ሰጡኝ። “ውሸት ነው” ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ አደራው ብዬ። ፊደሉ ከመስመሩ ወጣ።

“ብትጽፍም ባትጽፍም ወጥተሃል” አለ አቶ ውበቱ።

ዕድር የሌለው ሰው ምን እንደሆነ ለማታውቅ ልንገርህ። በዚያው ወር ከታች ሰፈር አንዲት አሮጊት አረፉ። አስከሬኑን ተከትዬ ሄድኩ። ተሸካሚ ሲለዋወጥ ቃሬዛውን ልቀበል ትከሻዬን አስጠጋሁ። ከኋላዬ የነበረው ሰው አልፎኝ ተቀበለ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ባዶ ትከሻዬን ይዤ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

የፋሲካ ሰሞን እናቴ ታመመች። ትኩሳቱ ሦስት ቀን ያዛት። በሦስተኛው ቀን እጄን ያዘችኝ።

“አደራው፣ እኔን ማን ይሸከመኛል?”

“እኔ እሸከምሻለሁ።”

“ቃሬዛ አራት ትከሻ ይፈልጋል፣ ልጄ።”

ይህች ሴት ለአርባ ዓመት የሰው ንፍሮ ስትቀቅል፣ የሰው እንግዳ ስታስተናግድ የኖረች ናት። እኔ ለአንድ ጠዋት ሳቅ ብዬ ቀባሪ አሳጣኋት። ጓሮ ወጥቼ ዶሮውን በመዶሻ ልሰባብረው መሰላል አቆምኩ።

መሰላሉ ላይ ሳለሁ በአጥሩ በኩል ከዘራ አንኳኳ።

“ውረድ አንተ መነኩሴ!”

አያ ጎሹ ናቸው። ከበሽታቸው ተነሥተው፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው፣ እያለከለኩ። ወረድኩና የመኪና ሞላ ላይ የሠራሁትን ወንበር አቀረብኩላቸው። ሲቀመጡ ወንበሩ ወደ ላይ አነሣቸው፣ ወደ ታች መለሳቸው። ትንሽ ተወዛወዙ። ደስ አላቸው መሰለኝ እንደገና ተወዛወዙ።

“ይኸ ነው የገደለኝ?” አሉ ወደ ዶሮው እያዩ።

“ይቅር ይበሉኝ አያ። ይኸው ላፈርሰው ነው።”

“ማን አፍርስ አለህ? ለምን ሳቅህ? እሱን ንገረኝ።”

“አንቱ ‘ልቅሶ ልድረስ’ ስላሉ።”

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንደገና ሳቅ ሆነ።

“አሁን ምን እያሉ እንዳለቀሱልኝ ንገረኝ። እኔ የሰማሁት ጥቂት ነው።”

“ደግ ነበሩ አሉ።”

“ውሸታሞች! ሌላስ?”

“ዋርካ አሉ።”

“ዋርካስ ይሁን። ትንሹ ልጄ ምን አለ?”

ወደ ዶሮው ዞርኩ። በከዘራቸው ጉልበቴን መቱኝ፤ የሚያመኝን ጉልበት።

“ቀዩ በሬ የእኔ ነው አለ።”

“አውቄዋለሁ! እሑድ እሸጠዋለሁ” አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አጠበቁ። “ለመሆኑ ከዕድር ያስወጣህ ምንድን ነው? በዶሮ ሰው ከዕድር አይወጣም።”

“ገረመው ‘አጥሬን ደብድቦ ቀሰቀሰኝ’ ብሎ መስክሮብኝ ነው እንጂ።”

“መቼ?”

“ያን ዕለት፣ ሊነጋጋ ሲል ነው ይላል።”

አያ ጎሹ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

“ከአንተ ቤት ወደ ገረመው ቤት የሚያስኬድ መንገድ በየት ነው የሚያልፍ?”

“በአንቱ መስኮት ሥር። ሌላ የለም፤ ማዶው ገደል ነው።”

“እኔ ከጥምቀት ወዲህ ተኝቼ አላውቅም፤ ሳሉ አያስተኛኝም። መስኮቱን ከፍቼ መንገዱን እያየሁ ነው የማነጋ። ያን ዕለት አንድ ውሻ አለፈ። ሰው አላለፈም።”

“ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ አያ?”

“የሞተ ሰው ማን ይጠይቃል?” አሉኝ። “ልጆቼ እንኳ ፍርዱን የነገሩኝ ትናንት ነው።”

አያ ጎሹ ፍርዱ እንደገና ይታይ ብለው ዕድሩን አስጠሩ፤ ቀጠሮው በመድኃኔዓለም ዕለት ሆነ፣ ከቅዳሴ በኋላ። እናቴ ትኩሳቱ ለቋት ነበር፤ እኔም ሄድኩ። አያ ጎሹ ከዳኛው ወንበር ላይ ሳይጠየቁ ተቀመጡ፤ ዳኛው ቆሞ ቀረ።

“ገረመው” አሉ። “በመስኮቴ ሥር ያላለፈ ሰው አጥርህ ድረስ በምን መጣልህ? በረረ?”

ገረመው ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ቆመ።

“አያ ጎሹ፣ እኔስ ተኝቼ ነበር። የአሮጌው ጡሩምባ ድምፅ ሲመጣብኝ ሌላ ነፊ ቀጠሩብኝ ብዬ ደነገጥኩ። እንዳልቀደም ብዬ ብድግ ብዬ ነፋሁ። ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅሁም። በኋላ ‘ማን ነገረህ?’ ሲሉኝ ‘ማንም’ ማለት አፈርኩ።”

“ነፋስ ነገረኝ አትልም ነበር?”

ዕድሩ ቤት በሳቅ ተናጋ፤ አቶ ምናለ እንኳ ሳቀ። ገረመው እግሬ ላይ ሊወድቅ መጣ፤ ያዝኩት። ውሸቱ እንጂ ፍርሃቱ አዲስ አልሆነብኝም፤ መናቅን እኔም እፈራለሁ። ከዚያ እኔም ተነሣሁ።

“የእኔንም ጻፉ” አልኩ። “አጥር አልደበደብኩም። ዶሮው መሆኑን ግን አውቅ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። ልቅሶውን ልሰማ ብዬ ነው የወረድኩት።”

“አንተ ሰይጣን!” አሉኝ አያ ጎሹ፣ ዓይናቸው እየበራ።

ለዚህ ቅጣት ተፈረደብኝ። ጡሩምባውን ከዶሮው ጉሮሮ አውጥቼ ለዕድሩ መመለስ፣ የዕድሩን የተሰባበረ የድንኳን ብረት ሁሉ ደግሞ በራሴ እጅ ሠርቼ ማቆም። ሠርቼ አቆምኩት። ለመሐሉ ምሰሶ ጫፍ ትንሽ ኩክኔ አበጀሁለት፤ እስከ ዛሬ አላዩትም።

ዶሮው አሁንም ቆሟል፣ ነፋስ ሲመጣ ይዞራል እንጂ አይጮህም። እናቴን ለጸሎት እኔው እቀሰቅሳታለሁ። አንባቢዬ፣ ሰው የተበደለ ዕለት በደሉን አቅፎ መተኛት ይጣፍጠዋል። እኔ ብዙ ዓመት እንዲያ ተኝቻለሁ። “መሃይም ነው” ይበሉኝ፣ “መነኩሴ” ይበሉኝ፣ ሁሉንም አንድ ቀን አሳያቸዋለሁ እያልኩ እሰበስብ ነበር፤ ከቆርቆሮው በላይ እሱን ነው ያከማቸሁት። በዚያ ጠዋት አሳየኋቸው፣ ግን የከፈለችው እናቴ ልትሆን ነበር። ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው፣ ጸባዬን ግን አላሳመረውም፤ ገረመውን ዛሬም ሳየው ምላሴ ይበላኛል። አንድ ነገር ግን ለይቻለሁ፦ ሳትጠየቅ መናገር የሚገባህን ሦስት ቃል ከዋጥክ፣ በኋላ ለአንተ የሚመሰክር ሰው መለመን ይመጣብሃል። ለእኔ የመሰከሩልኝ የሞቱ ሰው ናቸው፤ ሁልጊዜ እንዲህ አይገኝም።

ደግሞም ያላነበብከው ወረቀት ላይ ጣትህን አታሳርፍ። ካላወቅህ ተማር። በአርባ ስድስትም ይቻላል፤ አስተማሪዋን በልብህ እየሰደብክም ይቻላል።

ስሜ ወደ ዕድሩ መዝገብ የተመለሰው ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን ነው።